የእማማ ዘምዘም ጥቁር ቅጠሎች

ጅማ አቅራቢያ፣ ሰርቦ ላይ፣ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከመንገዱ ማዶ የተቆለለ የቡና ገለፈት ይጤሳል፤ እሳት የነካው ግን የለም፤ እርጥብ ገለፈት ሲከመር ከውስጡ ራሱ ይግላል። ሽታው በመስኮት ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ኧረ ዝጊው እህቴ፣ ልንሞት ነው!» አለችኝ። አልዘጋሁም። እንዲያውም አንገቴን አውጥቼ በደንብ ሳብኩት። ለእሷ የበሰበሰ ነገር ነው፤ ለእኔ የእማማ ዘምዘም ጓሮ ነው። ሴትዮዋ እብድ መሆኔን ለባሏ በዓይኗ ነገረችው፤ ይሁን።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እኔና እናቴ ከከምባታ ጅማ መጥተን በቾ ቦሬ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ ሄርማታ ሰፈር ካለ መጋዘን ቡና ትለቅማለች፤ ድንጋዩንና የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነኝ፤ ከሰዓት የሚይዘኝ ሰው የለም። ስለዚህ ለጎረቤታችን ለእማማ ዘምዘም ተሰጠሁ። ተሰጠሁ የምለው እንደዚያ ስለሆነ ነው። እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝና «እማማ፣ ይቺን ልጅ ይያዙልኝ። እግሯም ምላሷም አያርፍም» አለች።

እማማ ዘምዘም ከራሴ እስከ እግሬ ተመለከቱኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገባቸውን በሻሽ አጥብቀው የሚያስሩ አሮጊት ነበሩ። «እግሯን እኔ አስርልሻለሁ፤ ምላሷን አላህ ይወቅ» አሉ።

ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጓሮ ቁልቁል ወርዶ ምንጭ ጋ ያልቃል። ከላይ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ከዋንዛው ሥር ቡና፤ ከቡናው ሥር ደግሞ እስከ ምንጩ አፍ ድረስ ያ ጥቁር ነገር። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደንግጬ ቆምኩ። እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ፤ ሰፊ ቅጠል አውቃለሁ። ይሄ ግን እንሰት መስሎ ከእኔ ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ ቅጠሉም ደም የረጋበት ይመስል ጠቁሯል።

«እማማ፣ እንሰትዎ ታሟል። ከዚህ ቆጮ አይወጣም» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንሰት አይደለም። አበባ ነው።»

«አበባው የታል?»

«ሲደርስ ይመጣል። ያኔ ቀይ ነው፤ ዓይን ያማል።»

ስሙን ማንም አያውቀውም። ድሮ በንጉሡ ጊዜ ሄርማታ ሱቅ የነበረው አንድ ግሪክ ንብረቱን ሸጦ አገር ጥሎ ሲሄድ፣ ከግቢው ሥሩን ቆፍሮ ለእማማ ዘምዘም ባል ሰጣቸው። ባልየው ሞቱ፤ ሥሩ ግን ምንጩን አገኘና ጓሮውን ወረሰ። እማማ ዘምዘም ጉራቲ ይሉታል፤ በኦሮምኛ ጥቁሯ ማለት ነው። እንደ ላሞች ነበር የሚጠሯቸው፤ «ጉራቲዎቼን ልይ» ብለው ይወርዳሉ፤ እኔም ከኋላቸው እየዘለልኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሥሩ እንደ ዝንጅብል አንጓ አንጓ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ አንጓ ላይ ቀላ ያለች ዓይን አለች። ሥሩ ሲጨናነቅ ተቆፍሮ ይገመሳል፤ ዓይኗ ወደ ላይ ሆና ትተከላለች። ከዚያ ገለፈት ይለብሳል። የትኛው ገለፈት የሚለው ነው ትልቁ ነገር። የከረመ፣ የጠቆረ፣ ሲይዙት እንደ አፈር የሚፈረካከስ መሆን አለበት። እኔ ከቡና መፈልፈያው አዲሱን በቅርጫት አመላልሼ ከምሬ በነጋታው ላለብሳቸው ስል አስቆሙኝ።

«እጅሽን ክምሩ ውስጥ ክተቺ» አሉ።

ከተትኩ፤ ጮህኩ። ውስጡ እንደ ገንፎ ይፋጃል።

«ይሄን እግራቸው ላይ ብትጭኚባቸው እንዳንቺ ይጮሃሉ። ግን ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ለእነሱ የምትጮኺላቸው አንቺ ነሽ።»

እርጥበት ይወዳሉ፤ ውሃ ሲተኛባቸው ግን ይበሰብሳሉ። ጥላ ይወዳሉ፤ ጨለማ ሲሆን ግን ያኮርፋሉ። «ልክ እንዳንቺ ናቸው» ይሉኝ ነበር እማማ ዘምዘም፤ «ሲለቋቸውም ይጠፋሉ፣ ሲያስሯቸውም ይጠፋሉ።»

ችግሬ መጠበቅ አለመቻሌ ነበር። የተከልነውን በነጋታው እቆፍረዋለሁ፤ በቅሎ እንደሆነ ለማየት። መልሼ እቀብረዋለሁ። በማግስቱ እንደገና። አንድ ቀን ያዙኝ። የሚመቱኝ መስሎኝ ራሴን በክንዴ ሸፈንኩ። እሳቸው ግን አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«አንቺን ተኝተሽ ሳለ እየቀሰቀስኩ ‹አደግሽ ወይ?› ብልሽ ታድጊያለሽ?»

«አላድግም።»

«እንግዲያው ኦብሲ፣ አንቺ ጂኒ!»

ኦብሲ ታገሺ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከስሜ ይልቅ የተጠራሁበት ቃል ይሄ ይመስለኛል። ትዕግሥተኛ አልሆንኩም፤ አልዋሽም። ግን መሬት ውስጥ ያለ ነገር እኔ ሳላየውም ሥራ ላይ እንደሚሆን ያወቅኩት እዚያ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኑ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው አንድ በአንድ በጓሮው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፤ አብዛኞቹ የእናቴ የሥራ ጓደኞች ናቸው፤ እናቴም ትመጣለች። እማማ ዘምዘም ማንንም «ወዴት ነሽ?» አይሉም። እንዲያውም እኔ ልጠይቅ ስል ቆነጠጡኝ። «ባዶ እንስራ የያዘ ሰው አይጠየቅም። ምንጩን እኔ አልሠራሁት፤ የአላህ ነው። እናቴም አትጠይቅም ነበር፣ አያቴም አትጠይቅም ነበር።»

እሺ፣ አልጠየቅኩም። ግን ሴቶቹ ከወረዱ በኋላ የሚቆዩት ነገር አልገባኝም። አንድ እንስራ ለመሙላት ይህን ያህል ይፈጃል? አንድ ቅዳሜ በሆዴ እየተሳብኩ በቅጠሎቹ መሃል ገባሁ። ምንጩ ጋ መሬቱ ጎድጎድ ይላል፤ ጉራቲዎቹ ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ሴቶቹ እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ ቅጠሎቹ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዷ ታለቅሳለች። እናቴ መዳፎቿን ዘርግታ፣ አፏን ሳትከፍት፣ በጉሮሮዋ ብቻ አንድ ዜማ ታንጎራጉራለች። እንስራዎቹ ተደርድረው ባዶ ቆመዋል።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ከአበባዎቹ ጋር ነው የሚያወሩት! እንዲያብቡ እየለመኗቸው ነው።

ለምን እንደዚያ እንደመሰለኝ ልንገራችሁ። የእኛ የጸሎት ቤት በቀበሌው ትእዛዝ ተዘግቶ፣ በሩ ላይ ሰንሰለት ገብቶበት ነበር። ለምን ብዬ እናቴን ስጠይቃት «እየታደሰ ነው» ብላኛለች። ምላሴን ስለምታውቀው ነው። እኔ ግን አምኛት፣ ምን ዓይነት ቀለም ይቀቡት ይሆን እያልኩ ሰማያዊ እንዲሆን ስመኝ ነበር። ስለዚህ ጸሎት ማለት ቀለሙ ሲደርቅ የሚመለስ ነገር ነው፤ ጓሮ ውስጥ የሚደረገው ደግሞ ሌላ።

«እማማ፣ ሴቶቹ ጉራቲዎቹን ምንድን ነው የሚሏቸው?»

«የልባቸውን ነው። አትረብሺያቸው።»

«እርስዎስ ለምን አያወሯቸውም?»

«እኔ የማወራበት ሰዓት ሌላ ነው። የሚሰማው ግን ያው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አወራቸው ጀመር። ስለ ሂሳብ አስተማሪያችን ዱላ ነገርኳቸው። እናቴ አዲስ ጫማ እንድትገዛልኝ እንዲነግሯትም አደራ አልኳቸው። ጫማው አልመጣም፤ ግን ነግሬያቸው ስነሣ ቀለል ይለኝ ነበር።

በዚያው ክረምት የሰፈሩ ቡና ይደርቅ ጀመር። ፍሬው ገና እላዩ ላይ እያለ ቅጠሉ ይጠቁርና ይረግፋል፤ ዛፉ ቆሞ ይሞታል። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ዛፍ ሲታይ ማንም አይከራከርም፤ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል፤ ካልሆነ የጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ሰዎች ቅጠል ቀና ብለው ሲያዩ ፊታቸው እንደ ሐኪም ፊት ሆኖ ነበር።

የቀበሌው የግብርና ኮሚቴ ኃላፊ ጓድ ሸምሱ ነበር፤ ከእማማ ዘምዘም ጓሮ በላይ የሚኖር፣ ወፍራም፣ ካኪ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ ሰው። የእሱም ቡና ደርቋል። እየዞረ ግቢ ሲያይ እኛ ጋ ደረሰና ከቡናው ሥር ያለውን ጥቁር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ ዘምዘም! ይሄ ምንድን ነው?»

«አበባ ነዋ፣ ሸምሱዬ። ልጅ ሆነህ ስትደበቅበት የነበረው።»

«ያኔ እንዲህ አልጠቆረም።»

«ያኔም ጥቁር ነው። አንተ ነህ ያኔ ቡና ያልነበረህ።»

«ቅጠሉን ይዩት እንጂ! ይሄ በሽታ ነው። ከዚህ እየተነሣ ነው ወደ እኔ የመጣው።»

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። «እኔም መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ነበር!» አልኩ።

«ይኸው! ልጅቷ እንኳ አውቃዋለች» አለ ጓድ ሸምሱ። እማማ ዘምዘም ያዩኝ አስተያየት እስካሁን ጀርባዬን ያሳክከኛል።

«ሸምሱ፣ በአላህ፣ የሚሞት ነገር ያብባል?» አሉ።

አገጩን አከከ። «አያብብም።»

«እንግዲያው እስኪያብብ ጠብቀኝ። ካላበበ ዶማውን የማቀብልህ እኔ ነኝ።»

«የቀበሌው ወጣቶች ለነቀላ ዘመቻ እስኪመጡ ነው የምጠብቀው። ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም።» ይህን ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት ምሽት ላይ እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ እማማ ዘምዘም በሹክሹክታ ነገሯት። የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። «እነሱ ከተነቀሉ የት እንቀመጣለን?» አለች።

«ቤታችን በርጩማ አለን እኮ!» አልኳት። ማንም አልሳቀም። ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ ቀላል ነገር አይገባቸውም ብዬ አዘንኩላቸው።

ችግሩ ዋንዛው ነበር። በዚያ ዓመት ቅርንጫፉ ተጋጥሞ ጓሮውን ጨለማ አድርጎታል፤ ጉራቲዎቹ ቅጠል ብቻ እያወጡ የአበባ እንቡጥ አላሳዩም። እማማ ዘምዘም ወደ ላይ እያዩ ሲዞሩ ዋሉ። «ብርሃን ካልገባ አያብብም» አሉ፤ «ብርሃን ከገባ ደግሞ ከመንገድ…» አልጨረሱትም። በመጨረሻ የቡና ጥላ እንደሚሳሳው ዋንዛውን ልናሳሳው ወሰኑ። በመንገዱ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ አንነካም፤ በምሥራቅ በኩል ያለውን ብቻ እንቆርጣለን፤ የጠዋት ፀሐይ ትገባለች፣ የከሰዓቷ ትቀራለች። የሚወጣ ሰው ሲጠፋ እግሬን ሊያስሩ ቃል የገቡት ሴትዮ ዛፍ ላይ ሰቀሉኝ።

«ያንን አይደለም! ያ የመንገዱ ነው! ወደ ግራ! ያ ረቢ፣ ግራሽን አታውቂም?»

«በየትኛው በኩል ስቆም ነው ግራዬ?»

«ከወደቅሽ እናትሽ ትገድለኛለች፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ!»

ብርሃኑ ገባ። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር መጣ፤ ፀሐይ ስትነካቸው ቅጠሎቹ ከበፊቱ ይበልጥ ጠቆሩ። ሮጬ ሄድኩ። «እማማ፣ ባሰባቸው!» እማማ ዘምዘም መጥተው አዩና ሳቅም ጭንቀትም በአንድ ላይ ፊታቸው ላይ ወጣ። «ሲጠግቡ ነው እንዲህ የሚሆኑት። ግን ይሄን ለሸምሱ ማን ያስረዳል?» ሴቶቹ በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይመጡ ነበር። እኔ አበባዎቹን በደንብ እያደፋፈሯቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት ከቅጠሎቹ መሃል ጦር የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ልገልጠው እጄን ስሰድ የራሴን ድምፅ «ኦብሲ» ሲል ሰማሁት። እጄን መለስኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ጓድ ሸምሱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዶማና ገጀራ የያዙ ወጣቶች አስከትሏል። እማማ ዘምዘም ቤት ውስጥ ሰላት ላይ ናቸው። ሴቶቹ ምንጩ ጋ ናቸው። በሩ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ። ወጣቶቹ ሳይጠይቁ በመንገዱ በኩል ያለውን ጥግ መቆፈር ጀመሩ፤ ቅጠሉ ሲቀደድ የሸራ ድምፅ ያሰማል፤ ሥሩ እየተገነጠለ ተወረወረ።

«ተዉ! ሴቶቹን ትረብሻላችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ጓድ ሸምሱ ዞረ። «የትኞቹን ሴቶች?»

«ከአበባው ጋር የሚያወሩትን ነዋ! ዓይናቸውን ጨፍነው ይለምኑታል። እናቴም አለች።»

ወጣቶቹ በሳቅ ወደቁ። አንዱ «ጓድ፣ አድባር ነው የሚያመልኩት! ይሄ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ ከነሥሩ ይነቀል!» አለ። ጓድ ሸምሱ አልሳቀም። ከቅጠሎቹ በስተጀርባ የነበረው ጉርምርምታ ድንገት ቀጥ አለ። ምንጩ ብቻ ይሰማል።

እማማ ዘምዘም በባዶ እግራቸው፣ የሰላት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ከቤት ወጡ። ሮጠው የሚያውቁ ሴትዮ አልነበሩም፤ ያን ቀን ሮጡ። ግን ዘግይተዋል። ጓድ ሸምሱ ቅጠሎቹን በሁለት እጁ ገልጦ እስከ ትከሻው ውስጥ ገብቷል።

እዚያው ቆየ። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው፤ ካኪ ኮቱ ወገቡ ላይ ተወጥሯል። እማማ ዘምዘም እጄን እስኪያመኝ ጨብጠው «አላህ፣ አላህ» ይሉ ጀመር። ለአበባ ይህን ያህል መፍራት ምን ይባላል አልኩ በልቤ።

ወጣ። ትከሻው ላይ ቀይ የአበባ ቅጠል ተጣብቆበታል። በውስጥ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ በምትነካቸው በኩል፣ አብበው ነበር፤ ከመንገድ አይታዩም እንጂ።

«ምን አገኘህ ጓድ?» አለ ገጀራ የያዘው።

«አብቧል።»

«ሴቶቹስ?»

«እንስራ ይዘው ነው። ውሃ የሚቀዳ ሰው አይተህ አታውቅም? ዶማህን አንሣ! የሚቀጥለው ግቢ ውስጥ የደረቀ ቡና አለ፤ እሱ ነው ሥራችን።»

ወጣቶቹ እያጉረመረሙ ሽቅብ ወጡ። ያን ሰው ያኔ አልወደድኩትም፤ ጥግ ያለውን የእኛን ተክል አስነቅሏልና። የወደድኩት ሴቶቹ ይጸልዩ እንደነበር ሲገባኝ፣ ከጊዜ በኋላ ነው። አንድ ቃል ለቀበሌ ቢያቀብል እናቴ የት እንደምትገባ ስረዳ። እሱ ራሱ ቢሰማበት የት እንደሚገባ ስረዳም። የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ክፉ ነበር የሚለኝን ሰው እኔ አላምነውም፤ ትከሻው ላይ አበባ የተጣበቀበት አንድ ካኪ ኮት አይቻለሁ።

እማማ ዘምዘም ተንበርክከው የተገነጠሉትን ሥሮች ይለቅሙ ጀመር፤ ነጩ የሰላት ልብሳቸው ጭቃ በጭቃ ሆነ። ጓድ ሸምሱ ግን አልሄደም። ጎንበስ አለና፣ ወጣቶቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራቸው።

«እማማ፣ በዚህ በኩል ሳስቷል። ከመንገድ ያሳያል። ወፈር አድርገው ይትከሉበት።»

እማማ ዘምዘም ቀና ብለው አዩት።

የእኔ ምላስ ግን አያርፍም። «ከመንገድ ቢታይ ምን ችግር…» ብዬ ስጀምር፣ እማማ ዘምዘም ያን አፈር የጠገበ እጃቸውን አፌ ላይ ለጠፉት። አፈሩ ጥርሴ ውስጥ ገባ፤ እርጥብ ነው፣ የከረመ ገለፈት ገለፈት ይላል። ብዙ ሰው ብዙ ምክር ሰጥቶኛል፤ እንደዚያ አፈር የማመሰግነው የለም።

ጓድ ሸምሱ ወደ ወጣቶቹ ዳገቱን ወጣ። እማማ ዘምዘም ከሥሮቹ አንዱን በእጄ አስያዙኝና ዶማቸውን አነሡ። እኛ መቆፈር ስንጀምር ከቅጠሎቹ ጀርባ የእናቴ ዜማ እንደገና ተነሣ፤ ከበፊቱ ዝግ ብሎ።